ያለ ሁለተኛ ዓይን

«ሁለት መቶ ሰው ተመዝግቧል አሉ።»

የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ ይህችን ወሬ የጀመራት አንድ ሰኞ ነው። በማግሥቱ ደገማት። በሦስተኛው ቀን ገና በሩን ሳይከፍትልኝ በፍርግርጉ በኩል አቀበለኝ። ፊሽካው ከአንገቱ ስለማይወርድ «ኮማንደር» እንለዋለን፤ እሱ ደግሞ እኔን «ኢንጂነር» ይለኛል። ሁለታችንም ማዕረጉን የሰጠን የለም።

«ማን ነው ያለው ኮማንደር?»

«ሰው ነዋ!»

«የትኛው ሰው?»

«አሉ አልኩሽ እኮ። አሉ የተባለ ነገር ባለቤት አለው እንዴ?»

እኔ በወሬ የምደነግጥ ሴት አይደለሁም። ስልኬን ከፍቼ የማኅበራችንን የምዝገባ ዝርዝር አፍንጫው ሥር ደቀንኩለት። አራት ስም። የእኔና የሦስት ጓደኞቼ፤ ማለትም የመሥራቾቹ ብቻ። ደጋሾቹ ራሳቸው በልተው የሚነሡበት ድግስ ዓይነት።

«ይኸውልህ፤ ሁለት መቶዎቹ እነዚህ ናቸው።»

ስልኩን በክንዱ ልክ አርቆ፣ ዓይኑን አጥብቦ አየ። «እንግዲህ እኔ የሰማሁትን ነው» አለና መቀርቀሪያውን ሳበልኝ። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ከፋኝ።

ድረ ገጽ መሥራት ያስተማረኝ ሰው የለም። ይህን የምለው ለመመካት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሥራዬ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። እዚያ የተጣለ፣ ግማሽ ስክሪኑ የጠቆረ ላፕቶፕ ነበር። በቀረው ግማሽ የሰው ድረ ገጽ እየከፈትኩ፣ ከሥሩ ያለውን ኮድ እየገለጥኩ፣ አንድ መስመር እያጠፋሁ ምን እንደሚፈርስ እያየሁ ተማርኩ። ጠረጴዛዬ የእናቴ የልብስ ስፌት መኪና ነበር። እሷ ምሳ ልታቀርብ ስትነሣ እኔ እዘረጋለሁ፤ ስትመለስ ከነገመዱ አንሥታ አልጋ ላይ ታስቀምጥብኛለች።

«የሚታይ ነገር ሥሪ እንጂ ልጄ።»

«ይኸው ይታያል!» ብዬ ስክሪኑን አዞርላታለሁ።

«ይኼማ ብርሃን ነው» ትላለች።

ብቻውን የተማረ ሰው አንድ ችግር አለበት፤ የሚጣላው ሰው የለውም። ስለዚህ ኮፒ ቤቱ መስታወት ላይ «ድረ ገጽ መሥራት የሚወድ ሰው ካለ እኔን ይጠይቅ» ብዬ ለጠፍኩ። ዐሥራ ሰባት ቀን ማንም አልጠየቀኝም። በዐሥራ ስምንተኛው ከመንገዱ ማዶ ሰዓት የሚጠግኑት ሽማግሌ መጥተው፣ በጠጋኝ ማጉያ መነጽራቸው ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበቡት።

«ዕድሜ ይከለክላል?»

«አይከለክልም ጋሼ። ግን ለምን ፈለጉት?»

«ሰዓቱ ሁሉ ስልክ ውስጥ ገባ፤ እኔም ተከትዬው ልግባ ብዬ ነው።»

እሳቸውን «ጋሽ ድርብ ሰረዝ» አልናቸው። በየመስመሩ መጨረሻ የምትገባዋን ምልክት ሁልጊዜ ይረሷታል፤ እሷ ከሌለች ደግሞ ሥራው ሁሉ ቀጥ ይላል። ቀጥላ የመጣችው የማስታወቂያ ሰሌዳ የምትጽፍ ልጅ ናት። ሁለት ፊደል መሀል ያለውን ክፍተት በጥፍሯ ካልለካች ስለማትተኛ፣ በስክሪን ትንሿ ነጥብ ስም፣ «ፒክስል» ሆነች። አራተኛዋ ነርስ ነበረች፤ ከፈረቃ እየወጣች ትመጣና የኮምፒውተሩ የፊደል ገበታ ላይ ትተኛለች። ስትነቃ ጉንጯ ላይ የፊደል ቁልፎች ይታተማሉ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የኋላውን ክፍል ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፈቀዱልን። መስኮቱ አይከፈትም፤ የመብራት ማከፋፈያውን ሁለት ሰው ከነካው ብልጭታ ይፈነጥራል፤ ግን ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ብቸኛውን ሕጋችንን በትልቁ ጽፌ፣ ኮፒ ቤት በላስቲክ አሽጌ ሰቀልኩ፦ «ያለ ሁለተኛ ዓይን ሥራ አይወጣም።» አንዱ የጻፈውን ኮድ ሌላው መስመር በመስመር ሳያነበው ለሕዝብ አይለቀቅም ማለት ነው። ሐሳቡ የጋሽ ድርብ ሰረዝ ነው። እሳቸው የጠገኑትን ሰዓት በዕለቱ አያስረክቡም ነበር፤ አጠገባቸው ላለው ቁልፍ ቀራጭ ይሰጡትና አንድ ቀን ሙሉ እሱ ያየዋል።

«እኔ የጠገንኩትን እኔ ካየሁት ሁልጊዜ ልክ ነው የሚመስለኝ» አሉ።

ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የላስቲኩን ጠርዝ እንኳን በመቀስ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ኃላፊዋ በሩ ላይ ቆመው አራታችንን ቆጠሩን። ለመቁጠር ብዙ አልፈጀባቸውም።

«አሮጌ ፋይል የማስቀምጥበት አጥቻለሁ» አሉ። «በመክፈቻችሁ ቀን ሠላሳ ሰው እዚህ ካየሁ ክፍሉ የእናንተ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ። ካላየሁ ፋይሉ ይገባል።»

ነገሩ ይኸው ነው፤ ሠላሳ ሰው ወይም ፋይል። ፒክስል «ድረ ገጽ መሥራት በነፃ እናስተምራለን» የሚለውን ማስታወቂያ በእጇ ጻፈች፤ ከዳቦ ቤቱ እስከ መናኸሪያው ለጠፍነው። ሰው በስልኩ ገጻችንን ይከፍታል፣ ቅጹን ይሞላል፣ «ተመዝግበዋል! ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ቦታና ሰዓቱን በመልእክት እንልክልዎታለን» የሚል ይመጣለታል። ቅጹን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በሁለት ቀን። አራታችንም በየስልካችን ሞላነው፤ ሠራ። አራታችንም ዝርዝሩ ላይ ወጣን። አጨበጨብን።

ከዚያ በኋላ አንድም ስም አልመጣም። የመጣው የኮማንደር ወሬ ብቻ ነው።

በወሬው ሁለተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ጋሽ ድርብ ሰረዝ ኮታቸውን ሳያወልቁ ጀመሩ።

«ልጄ፣ የምዝገባ ቅጹን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ማን አነበበው?»

«እኔ።»

ፒክስል ሳቋን በእጇ አፈነች።

«እንግዲያ ሁለተኛው ዓይን የት አለ?»

«ሁለት ዓይን አለኝ ጋሼ፤ ይቁጠሩት።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይበቃው ነበር። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተጠጉኝ። «ዘበኛው ሁለት መቶ ይላል። ወሬ ነው፤ ይሁን። ግን እኛ አራታችን ብቻ ነን የሞከርነው። ከእኛ ውጭ በሆነ ሰው ስልክ አንድ ጊዜ ይሞከር። ኮዱንም ልየው፤ በመነጽሬ ቀስ ብዬ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ እንደነበር አላውቅም። እኔ ፊቴ ጋለ። በጠቆረ ስክሪን፣ በስፌት መኪና ላይ፣ ማንም «ጎሽ» ሳይለኝ የተማርኩት ሥራ በሰው ፊት ሊበረበር ነው!

«ጋሼ» አልኩ፣ «የራስዎን መስመር መዝጋት ሳይለምዱ የእኔን ሊያርሙ ነው? ቅጹ ይሠራል። የማይሠራው ሰፈሩ ነው። እርስዎ መጀመሪያ ድርብ ሰረዝዎን ይፈልጉ።»

ነርሷ እንኳን ነቃች። ጋሽ ድርብ ሰረዝ ማጉያ መነጽራቸውን በጨርቁ ጠቀለሉ፣ ኪሳቸው ከተቱ፣ «እሺ ልጄ» አሉ።

ይቅርታ የምትባለዋ ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ጉሮሮዬ ላይ ነው የምትቀረው። ሁለት ቀን ስታፍነኝ ከረመች። ሐሙስ ስንበተን ከበሩ ዳር ካለችው ሻይ ሻጭ ሁለት ብርጭቆ አስቀድቼ አንዱን ምንም ሳልናገር ለሽማግሌው አቀበልኳቸው። ሻይ ጋብዣቸው አላውቅም፤ ማንንም ጋብዤ አላውቅም። ብርጭቆውን ሲያዩት፣ ሞቶ የነበረ ሰዓት በራሱ ጊዜ የተነሣ ነው የመሰላቸው። ፊታቸው በራ።

«አሃ! እንግዲያ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አሉ። «ጥሩ። በጣም ጥሩ! ደስ ብሎኛል።»

«ምንም አይደል ጋሼ» አልኳቸው። ይቅርታ ልጠይቅ የሄድኩት ሴትዮ ይቅር ባይ ሆኜ ሻዬን ጠጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ቅጹ አንድም ቃል አልተነፈሱም። እኔም፣ ይኸው፣ በመጨረሻ ገባቸው አልኩ።

በማግሥቱ ኮማንደር በሩ ላይ ያዘኝ።

«ኢንጂነር፣ ትናንት ሦስት ልጆች መጥተው ‹መቼ ነው የሚጠሩን?› አሉኝ። አንዷ ዳቦ ቤት የምትሠራዋ ናት።»

«ተመዝግበዋል?»

«ተመዝግበናል ነው የሚሉት።»

«የተመዘገበ ሰው መልእክት ይደርሰዋል። ካልደረሳቸው አልተመዘገቡም በላቸው።»

«እንዲሁ ልበላቸው?»

«እንዲሁ በላቸው።»

ሄዶም እንዲሁ አላቸው።

መክፈቻው ሦስት ቀን ሲቀረው የጥሪውን መልእክት ላክሁ። ቁልፉን እንደተጫንኩ አራት ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ። አራቱም እዚያው ክፍል ውስጥ። ጋሽ ድርብ ሰረዝ ስልካቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ብርጭቆ የያዙ ይመስል ባዶ እጃቸውን አዩ። ፒክስል «ምናልባት በቀኑ ዝም ብለው ይመጣሉ» አለች። የት እንደሆነ ሳይነገራቸው ማለቷ ነው።

ማታ እናቴ ክር በጥርሷ እየበጠሰች ጠየቀችኝ። «ጥሪውን ለማን ለማን ላክሽ?»

«ለተመዘገበ ሁሉ።»

«ለሁሉም?»

«አንድም ሳይቀር።»

«እ» አለች። መኪናዋን አዞረች።

የመክፈቻው ዕለት ከሆቴል አርባ ወንበር ተውሰን ደረደርን። ሠላሳ የተባልነው ነው፤ ዐሥሩ የእኔ ኩራት ነው። ፒክስል በየወንበሩ ጀርባ ቁጥር በጠመኔ ጻፈች። ስምንት ሰዓት ሆነ። ስምንት ተኩል። ኃላፊዋ ከሰገነቱ ወርደው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል በሩ ተከፈተ፤ ሁላችንም ብድግ አልን፤ ነርሷ አጨበጨበች። ሰውየው ባለበት ደርቆ ቀረ።

«ሽንት ቤት በየት በኩል ነው?» አለ።

አርባ ባዶ ወንበር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባዶ ክፍል ባዶ ነው፤ አያስደነግጥም። አርባ ባዶ ወንበር ግን ዓይን አለው። ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ተቀመጥኩ። ኃላፊዋ «አዝናለሁ» አሉ፤ አዝነውም ነበር፤ ያ ነው የባሰው። ጋሽ ድርብ ሰረዝ ብቻቸውን ከወንበር ወንበር እየሄዱ «ሰው ግን የት ገባ?» ይላሉ። «ሰው ግን የት ገባ?»

የሚቀጥለውን ያደረግሁት እዚያው ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ተቀምጬ ነው። ስልኬን አወጣሁና በማኅበሩ ገጽ መግቢያ ላይ፣ በትልቅ ፊደል፣ ሁለተኛ ዓይን ሳያየው፣ ጻፍኩ፦ «አርባ ወንበር ዘርግተን አንድ ሰው መጣ፤ እሱም ሽንት ቤት ፈልጎ። የሰነፈ ሰፈር በነፃ እንኳን አይማርም። ደህና እደሩ።»

ያን ጽሑፍ ሰው ሁሉ አየው። በሳምንቱ ኮማንደር ኢንጂነር ማለቱን አቆመ፤ በሩን ይከፍታል፣ ዞር ይላል። የዳቦ ቤቷ ልጅ የምከፍላትን ገንዘብ ከእጄ አትቀበልም፤ ባንኮኒው ላይ አስቀምጪው ትላለች። እኔ ደግሞ፣ ምን ቤት ናቸው የሚያኮርፉ፣ ያልመጡ እነሱ፣ እያልኩ አንገቴን ቀና አድርጌ አልፍ ነበር።

ፋይሉ ገባ። ፒክስል ሌላ ከተማ የሕንፃ ሰሌዳ ሥራ አግኝታ ሄደች። ነርሷ ወደ ሌሊት ፈረቃ ተዛወረች። ጋሽ ድርብ ሰረዝ ሱቃቸውን ዘግተው ልጃቸው ጋ፣ ሩቅ፣ ሊኖሩ ነው ተባለ። የሄዱ ዕለት ኮፒ ቤት ገብተው አንድ ወረቀት አስገለበጡ። እጄን ይዘው፣ «ሻይሽን አልረሳውም» አሉኝ። ሽማግሌ በትንሽ ነገር ሆዱ ይባባል ብዬ አለፍኩት።

ሦስት ወር አለፈ። አንድ የጥርስ ሐኪም ለበሽተኞቹ ቀጠሮ የሚይዝ ገጽ እንድሠራለት ጠየቀኝ። የድሮውን ቅጽ ልጠቀምበት አሰብኩ። በምሳ ሰዓት፣ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ፣ ማጽዳት ጀመርኩ። መጀመሪያ የሙከራ መዝገቡን ላጥፋ። የሙከራ መዝገብ ማለት ቅጹን ስሠራ የውሸት ስም የምሞላበት ነው፤ እውነተኛው ዝርዝር ውስጥ እንዳይደባለቅ ለብቻው ያደረግሁት። ሦስት የውሸት ስም ነበረው። እኔው ነኝ የፈጠርኳቸው።

አጥፋ የሚለውን ተጫንኩ። ኮምፒውተሩ ጠየቀኝ፦ «214 መዝገቦች ይጠፋሉ። እርግጠኛ ነዎት?»

«አዎ» የሚለውን ሳልጫን ጣቴን አነሣሁ።

ሦስት ነው መሆን ያለበት። ደግሜ አነበብኩት። ከጀርባዬ ኮፒ ማሽኑ የአንድ ደንበኛ መታወቂያ መገልበጥ ጀምሮ ነበር፤ አላቆምኩትም፤ ያው ፊት እየደጋገመ ይወጣል። ደንበኛው «እህቴ፣ አንድ ነው ያልኩሽ» ይላል፤ እሰማዋለሁ፤ ግን ከሩቅ ነው።

መዝገቡን ከፈትኩት። ስሞች። ስልኮች። ሙያ። «ለምን መማር ይፈልጋሉ?» የሚለው ሣጥን ሁሉ ተሞልቷል። የዳቦ ቤቷ ልጅ። አንድ ስልክ የሚጋሩ ሁለት ወንድማማቾች። «ዕቃ ከማወርድበት ቦታ በጭንቅላቴም መሥራት እንደምችል ለማሳየት» ያለ የመጋዘን ሠራተኛ። ዐሥራ ሰባተኛው ኮማንደር ራሱ ነው፦ «ፈረቃዬ እንዳያስተኛኝ።» ሠላሳ አራተኛዋ ሙያ በሚለው ቦታ «ልብስ ሰፊ» ብላለች። ለምን መማር ትፈልጋለች? «ብርሃኑ ምን እንደሆነ ለማወቅ።»

ጥፋቱን ለማግኘት አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። አንዲት መስመር ናት። ገና ስሠራው፣ ማንም አላፊ አግዳሚ በቀልድ ስም እንዳይሞላብኝ፣ በአባልነት የይለፍ ቃል የገባ ሰው ሲሞላ ወደ እውነተኛው ዝርዝር፣ ያልገባ ሲሞላ ወደ ሙከራው ይሂድ ብዬ ነበር። አራታችን አባላት ነን፤ ስልካችን ሁልጊዜ ገብቶ ነው ያለው። እኛ ስንሞክረው ይሠራል። ከእኛ ውጭ ያለ ሰው ሁሉ ሲሞላ «ተመዝግበዋል!» ይባላል፣ ደስ ይለዋል፣ ሙከራ ውስጥ ይጣላል። ማንም ጀማሪ፣ ከእኔ ኮድ ጋር ዝምድና የሌለው ማንም ሰው፣ በመነጽር ቀስ ብሎ ቢያነበው ያያት ነበር።

ያን ከሰዓት ለሁለት መቶ አሥራ አንዱም ሰው መልእክት ላክሁ። ይቅርታ የምትለዋን ቃል ሁለት መቶ አሥራ አንድ ጊዜ። ሰባት ሰው መለሰልኝ። አምስቱ «ማን ልበል?» አሉ። አንዱ ሥራ አግኝቶ ከሰፈር ወጥቷል። አንዱ «ሰነፍ ሰፈር ያልሽው እኛን አልነበር?» አለኝ። እናቴ ስልኳን አይታ መነጽሯን አወለቀች። «አሁን እኮ ትእዛዝ በዝቶብኛል ልጄ» አለች። ምነው ብትቆጣኝ!

ስሞቹን እስከ መጨረሻው ያነበብኳቸው በማግሥቱ ነው። መቶ ሃያ ስድስተኛው መዝገብ፣ ስም በሚለው ቦታ ላይ፣ «ድርብ ሰረዝ» ይላል። የስልክ ቁጥሩ የቁልፍ ቀራጩ ነው። ሣጥኑ ውስጥ እንዲህ ተጽፏል፦

«ልጄ፣ በጎረቤቴ ስልክ ነው የምሞክረው። በሰው ፊት ደግሜ ላስቆጣሽ አልፈልግም። ይህ ከደረሰሽ ቅጹ ደህና ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ኩራትሽን ስለማውቅ ምንም አትበይኝ፤ ነገ ስንበተን አንድ ብርጭቆ ሻይ ብቻ አቀብዪኝ፤ ይገባኛል፤ ሁለተኛም አላነሣው። ሻዩ ካልመጣ ግን አልደረሰሽም ማለት ነውና ከፒክስል ጋር ቁጭ ብለን ኮዱን እናነበዋለን፤ ብትቆጪም ተቆጪ።»

የተላከው ረቡዕ ማታ ነው። ሻዩን ያቀበልኳቸው ሐሙስ።